የውሃ አባት
በማኅበር ላይ አለቃ ለሚሆን ክርስቲያን የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አለቅነት የሚናገር ወረቀት በእጅህ በገባ ጊዜ፥ «ይህ ለነገሥታትና ለሹማምንት የተጻፈ ነው፤ እኔን ምን ያገባኛል?» ብለህ ልትተወው ታስብ ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ታገሥ። እሑድ ከጸሎት በኋላ በመራዊ ወይም በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ከተማ ብትዘዋወር፥ በየዛፉ ጥላና በየአጥሩ ሥር ሰዎች ተሰብስበው ታያለህ። አንዱ ጉባኤ እድር ነው፤ ሁለተኛው እቁብ ነው፤ ሦስተኛው ሰንበቴ ወይም ማኅበር ነው። በእያንዳንዱም ጉባኤ ፊት አንድ ሰው ተቀምጧል፤ በእጁም መዝገብ ወይም የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ አለ። አንተም ማንበብና መጻፍ ስለምታውቅ፥ ዛሬ ባይሆን ነገ፥ «አንተ የተማርኸው ጻፍልን፤ አንተ ያዝልን» ትባላለህ። ያን ጊዜ ሹመት ባይነበብልህም፥ ካባ ባትለብስም፥ አለቃ ሆንህ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ወረቀት ለአንተ የተጻፈ ነው።

አስቀድመህ አባቶቻችን ለአለቃ የሰጡትን ስም አስተውል። የማኅበሩን መሪ «ሙሴ» ይሉታል፤ የእድሩንና የእቁቡን «ዳኛ» ይሉታል፤ በክፉ ቀን ጎልማሶች ተሰብስበው የሚመርጡትን «የጎበዝ አለቃ» ይሉታል፤ የመስኖን ውሃ በተራ የሚያካፍለውን ደግሞ «የውሃ አባት» ይሉታል። ሙሴ የተባለው ስለ ሕዝቡ እንዲደክም ነው፤ ዳኛ የተባለው ፊት አይቶ እንዳያዳላ ነው፤ የጎበዝ አለቃ የተባለው አደጋ በመጣ ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ነው። የውሃ አባት የተባለውም ውሃው የእርሱ ገንዘብ ስለ ሆነ አይደለም፤ አባት ለልጆቹ እንጀራ ቈርሶ እንደሚያካፍል ያካፍል ዘንድ ነው እንጂ። እንግዲህ ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ስሙን ተሸክሞ ሥራውን የሚተው ሰው ግን በገዛ ስሙ ይፈረድበታል።

ስለ አለቅነት በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንትም ብዙ መርምረዋል፥ ብዙም ጽፈዋል። የደረሱበትን አሳብ በአጭሩ እነግርህ ዘንድ እወዳለሁ፤ እውነትን ከየትም ብናገኛት ከእግዚአብሔር ናትና። የእነርሱን ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው አሳብ፥ «አለቃ ሆኖ ይወለዳል» የሚል ነው። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል በ1840 በለንደን በሰጠው ትምህርት፥ የዓለም ታሪክ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ እንደ ሆነ አስተማረ። ከእርሱም በኋላ ብዙ ሰዎች የአለቃን መልክና ጠባይ ለማወቅ ደከሙ፤ ቁመቱን ለኩ፥ ድምፁን አደመጡ፥ ብልሃቱንና ድፍረቱን መዘኑ። ነገር ግን በ1948 ራልፍ ስቶግዲል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከመቶ የሚበልጡ እንደዚህ ያሉ ምርመራዎችን ሰብስቦ ባነበበ ጊዜ፥ ሰውን በየትም ስፍራ አለቃ የሚያደርግ አንድ የተወሰነ ጠባይ አላገኘም። በአንዱ ማኅበር የሚጠቅመው ጠባይ በሌላው አይጠቅምምና። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ሊቃውንት በ2002 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ደምረው ሲመለከቱ፥ ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባባና ደፍሮ የሚናገር ሰው አለቃ ሆኖ ለመመረጥ እንደሚቀናው አዩ፤ ከተመረጠ በኋላ ሥራውን መልካም አድርጎ ለመሥራት ግን ይህ ጠባይ የዚያን ያህል አይረዳውም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ለአንተ አዲስ ነውን? ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻው ይበልጥ ነበር፤ መጨረሻው ግን ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ። ነቢዩ ሳሙኤልም ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ የበኵሩን ቁመት አይቶ ሊሳሳት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን ሲያይ እርሱ ልብን እንደሚያይ ነገረው (1 ሳሙ. 16)። እኛም ስንመርጥ፥ በጉባኤው ጮኾ የተናገረውን፥ ልብሱ ያማረውን፥ ወይም በግብዣ ብዙ ያወጣውን እንመርጣለን። ከኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠውን፥ የተበደረውን በቀኑ የሚመልሰውን ሰው ግን አናየውም። የሙሴ አማት ዮቶር የሕዝብ አለቆች ምን ዓይነት ሰዎች ሊሆኑ እንደሚገባ በመከረ ጊዜ (ዘጸ. 18) አራት ምልክት ሰጠ፤ ሥራ የሚችሉ፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ የታመኑ፥ የግፍን ረብ የሚጠሉ ይሁኑ አለ። ከአራቱ አንዱ ስለ ችሎታ ነው፤ ሦስቱ ግን ስለ ልብ ናቸው። ቁመትና ድምፅ ከቶ አልተቈጠሩም።

ሁለተኛው አሳብ፥ «አለቃ የሚታወቀው በአሠራሩ ነው» የሚል ነው። ኩርት ሌዊን የተባለ ሊቅና ባልንጀሮቹ በአሜሪካ በአይዋ አገር የ10 ዓመት ዕድሜ ያህል ያላቸውን ልጆች በትንንሽ ማኅበር ከፍለው ፈተኗቸው፤ ውጤቱንም በ1939 አሳተሙ። አንዱ ዓይነት አለቃ ሁሉን በገዛ ፈቃዱ ያዝዝ ነበር፤ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር እየተማከረ ይሠራ ነበር፤ ሦስተኛው እንደ ወደዳችሁ ሁኑ ብሎ ይተዋቸው ነበር። በአዛዡ ሥር ያሉት ልጆች አለቃው ቆሞ ሳለ ሠሩ፤ ከክፍሉ በወጣ ጊዜ ግን ሥራቸውን ተዉ። በመካሩ ሥር ያሉት እርሱ ቢወጣም መሥራታቸውን አላቋረጡም። ቸል ባለው ሥር ያሉት ጥቂት ሠሩ፥ ያም መልካም አልነበረም። ሁለቱን አለቆች ያወዳድሩ ዘንድ ከተጠየቁት 20 ልጆች 19ኙ መካሩን ከአዛዡ አስበልጠው ወደዱ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የአለቃ ሥራ የሚመዘነው እርሱ በሌለበት ሰዓት ነው። አንተ በገበያ ሳለህ ጸሐፊው መዝገቡን በቅን የሚጽፍ ከሆነ፥ መልካም አለቃ ነህ። ጫማህ ከደጃፍ ሲሰማ ብቻ ሁሉም ሥራ የሚጀምር ከሆነ ግን፥ ሰዎቹ የተማሩት መፍራትን እንጂ መሥራትን አይደለም። ደግሞም ልብ በል፤ ቸልተኛው አለቃ ከአዛዡ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። «እኔ ማንንም አልጨቍንም» ብሎ ሥራውን የሚተው ሰው ራሱን ትሑት አድርጎ ይቈጥራል፤ ነገር ግን በረኛ የሌለው ቤት የሌባ ቤት ነው።

ምክር አለመስማት ምን እንደሚያመጣ የሮብዓም ታሪክ ይመሰክራል። ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልልላቸው በለመኑት ጊዜ የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ የእኩዮቹን ምክር ሰማ፤ በአንድ ቀን መልስም ከአሥራ ሁለቱ ነገድ አብዛኛውን አጣ (1 ነገ. 12)። እኛም በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አይተናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ርስቱ የሚወሰድበት መስሎት ፈራ፤ ሽማግሌዎችም ተልከው አቤት አሉ። ቃላቸው በጊዜው ተሰምቶ ነገሩ በምክር ቢያልቅ ኖሮ፥ በደጋ ዳሞትና በሌላውም ወረዳ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሣ፥ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። በትዕግሥት ጆሮ ሊገኝ የሚችለው ነገር በብዙ ሰው ሞት ተገዛ። የትልቅ አገር አለቃ ባይሰማ ጦርነት ይሆናል፤ የትንሽ ማኅበር አለቃ ባይሰማ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ የበሽታው ሥር ግን አንድ ነው።

ሦስተኛው አሳብ፥ «አለቃን ጊዜው ይወልደዋል» የሚል ነው። ፍሬድ ፊድለር የተባለ ሊቅ በ1967 በጻፈው መጽሐፍ፥ የአንድ አለቃ አመራር መልካም የሚሆነው ከቆመበት ስፍራና ከሰዓቱ ጋር ሲስማማ እንደ ሆነ አስረዳ። ለአንዱ ጊዜ የሚበጀው ለሌላው ጊዜ አይበጅም። ይህንንም የአገራችን ሰው «የጎበዝ አለቃ» በሚለው ስም ቀድሞ ያውቀዋል። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ልጅ በላይ ዘለቀ በጎጃም ጫካ ሲነሣ የሹመት ደብዳቤ አልያዘም ነበር፤ ሰዓቱ ጠራው፥ ሰውም ተከተለው። በእሳት ጊዜ ምክር እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም፤ አንዱ «ውሃ አምጡ!» ብሎ መጮኽ አለበት።

ነገር ግን በዚህ ትምህርት ውስጥ ወጥመድ አለ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ መጮኹን የማይተው አለቃ ይነሣል። በችግር ቀን የተሰጠውን ሥልጣን በሰላም ቀን መመለስ ይከብደዋል፤ ስለዚህም ሥልጣኑ እንዳይቀርበት ችግሩ እንዳያልቅ ይመኛል። ወዳጄ ሆይ፤ አንድ ነገር ሲቸኵል ብቻህን ብትወስን አይነቀፍብህም፤ በማግሥቱ ግን ጉባኤውን ሰብስበህ ያደረግኸውን ተናገር፥ ይመርምሩህም።

አራተኛው አሳብ፥ «አለቃ አስቀድሞ አገልጋይ ነው» የሚል ነው። ሮበርት ግሪንሊፍ የተባለ ሰው በአሜሪካ በታላቅ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ብዙ ዘመን ከሠራ በኋላ፥ በ1970 ስለ አገልጋይ አለቃ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አወጣ። በእርሱም አሳብ መልካም አለቃ መሆን የሚፈተነው በሚያገለግላቸው ሰዎች ነው፤ በእርሱ ሥር ሳሉ ዐዋቂዎችና ነጻ ሰዎች እየሆኑ ይሄዳሉን? ከሁሉ ለሚያንሰውስ ሰው ኑሮው ይሻለዋልን፥ ወይስ ይብስበታል? ይህ አሳብ በዘመናችን በየትምህርት ቤቱ እንደ አዲስ ነገር ይነገራል። ጌታችን ግን በመጨረሻው ራት ማታ ልብሱን አኑሮ በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፥ ይህን ትምህርት በቃል ሳይሆን በውሃና በኵስኵስት አስተምሯል። ከእነዚያም እግሮች ሁለቱ የይሁዳ እንደ ነበሩ አትርሳ።

አሁን እንግዲህ ወደ መራዊ አጠገብ ወዳለው ወደ ቆጋ ና፤ የተናገርነውን ሁሉ በመሬት ላይ ተጽፎ ታየዋለህና። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፥ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና። በዚህ ወንዝ ላይ በክረምት የሚጐርፈውን ውሃ ለበጋ የሚያኖር ግድብ ተሠራ፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር ያህል መሬትም እንዲያጠጣ ታስቧል። ውሃው ከትልቁ ቦይ ወደ ትንንሾቹ ቦዮች እየተከፈለ ወደ ስንዴው፥ ወደ ድንቹ፥ ወደ ሽንኩርቱና ወደ ጎመኑ ይደርሳል። ግድቡን መሐንዲስ ሠራው፤ ውሃውን ግን መሐንዲስ አያካፍለውም። ገበሬዎቹ ራሳቸው በማኅበር ሆነው፥ አለቆች መርጠው በተራ ይካፈሉታል። እንደነዚህ ላሉት ማኅበሮችም በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 841 ወጥቶላቸዋል።

በቦይ የሚጠጣ መሬት ሁሉ ራስጌና ግርጌ አለው። በራስጌ ያለው ሰው ውሃው በደጁ ያልፋል፤ በግርጌ ያለው ግን የሚያገኘው ከላይ ያሉት የተዉለትን ነው። አሁን አንድ የውሃ አባት እንደ ተመረጠ አስብ። ብርቱ ሰው ነው፤ ንግግር ያውቃል፤ በራስጌ ያሉት ሁሉ ያመሰግኑታል፥ ማሳቸው ለምልሟልና። እንግዳ መጥቶ ከመንገድ ቆሞ ቢመለከት፥ «እንዴት ያለ መልካም አለቃ ነው!» ይላል። ነገር ግን እንግዳው ቦዩን ተከትሎ እስከ ግርጌ አልወረደም። በዚያ የአንዲት መበለት ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ተራዋ ሐሙስ ሌሊት ነበር፥ ሐሙስ ሌሊት ግን የውሃ አባቱ አማች ውሃውን ወደ ማሳው መለሰው። እርስዋም አቤት አላለችም፤ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ተራዋ እንዳይቀር ፈርታ ዝም አለች። አለቃውም ዝምታዋን እንደ ሰላም ቈጠረው።

አንባቢ ሆይ፤ ከሊቃውንቱ አሳብ ሁሉ ይልቅ ይህችን አንዲት መለኪያ ያዝ። አለቃ የሚመዘነው በግርጌ ነው። በቢሮ ብትሆን ግርጌው ተላላኪውና ዘበኛው ናቸው፤ በትምህርት ቤት ብትሆን ከመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ልጅ ነው፤ በእድር ብትሆን መዋጮዋን ለመክፈል የምትቸገረው ሴት ናት። በራስጌ ያሉት የሚናገሩልህን ምስጋና አትቍጠር። ቦዩን ተከትለህ ውረድ፥ የግርጌውን መሬት በእጅህ ዳስስ፤ ርጥብ እንደ ሆነ ወይም ደረቅ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

ይህን የምጽፍልህ ጻድቅ ስለ ሆንሁ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ ስለ ተማርሁ ብቻ የአንድ እድር ጸሐፊ ተደርጌ ነበር። አንዲት ምስኪን ሴት የሦስት ወር መዋጮ ሳትከፍል ባልዋ ሞተባት። ዘመዶችዋ ድንኳን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ መዝገቡን ገልጬ፥ ሦስት ወር ያልከፈለ እንደማይረዳ የሚለውን ደንብ አነበብሁላቸው፥ ባዶ እጃቸውንም ሰደድኋቸው። ማታ የእድሩ ዳኛ፥ ሽማግሌ ሰው፥ ወደ ቤቴ መጡና፥ «ልጄ፥ እስኪ መዝገቡን አምጣው» አሉኝ። ዐይናቸው ፊደል አይለይም ነበር፤ ነገር ግን የአንድ ባለጠጋ ነጋዴ ስም ጠርተው፥ «የእርሱን ገጽ ገልጠህ አንብብልኝ» አሉ። የነጋዴው ዕዳ የአራት ወር ነበር፤ ባለፈው ወር እናቱ በሞተች ጊዜ ግን ድንኳኑን በገዛ እጄ ሰጥቼው ነበር። አፌ ተያዘ። ሽማግሌውም አልተቈጡም፤ «ልጄ፥ ደንቡ ለሁሉ አንድ ነው፤ እጅህ ግን ሁለት ሆነብን» ብቻ አሉኝና ሄዱ።

በማግሥቱ ድንኳኑን እርሳቸው በአንድ ወገን፥ እኔ በአንድ ወገን ተሸክመን ወደ ልቅሶው ቤት ወሰድነው፤ ካስማውንም እኔ እንድተክል አደረጉኝ። ሴቲቱን፥ «እናቴ፥ በድያችኋለሁ፥ ይቅር በሉኝ» አልኋት። እርስዋም፥ «እግዜር ይቅር ይበልህ» አለችኝ። ነገር ግን የመጀመሪያው የልቅሶ ቀን ያለ ጥላ በፀሐይ አልፎ ነበር፤ ያን ቀን መልሼ ልሰጣት አልቻልሁም። ስለዚህ እነግርሃለሁ፤ የአለቃ ስሕተት ይቅር ይባላል እንጂ ሁልጊዜ አይጠገንም። አለቅነትን ልንፈራው የሚገባን ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከተመረጥህ እንዲህ አድርግ።

በመጀመሪያ፥ የገንዘቡን ሒሳብ ሳይጠይቁህ አሳይ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ከሌሎች ወንድሞች ጋር ላከው (2 ቆሮ. 8)። ሐዋርያ ምስክር ከፈለገ፥ አንተማ እንዴት አትፈልግም? «አታምኑኝምን?» ብሎ የሚቈጣ ገንዘብ ያዥ፥ መታመን ያለበትን ነገር እየሸሸ ነው።

ሁለተኛ፥ የዘመድህን ነገር አንተ አትፍረድ። ወንድምህ ወይም አማችህ ባለ ጉዳይ ሆኖ በመጣ ጊዜ ከወንበርህ ተነሥተህ ሌላው ይፍረድ በል። ዘመዶችህ ለጊዜው ያዝኑብሃል፤ ነገር ግን ቤተሰቡን በሕዝብ ውሃ ያጠጣ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው ቂምን ነው።

ሦስተኛ፥ ሥራውን አካፍል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ዮቶር ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው። ሁሉን እኔ ካልያዝሁ የሚል አለቃ ትጉህ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስጨንቀው ሌላው ሥራውን ችሎ መገኘቱ ነው።

አራተኛ፥ ዝም ያለውን ጠይቅ። በጉባኤ ሁሉ ተናግሮ ባለቀ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልከትና፥ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» በል። ምናልባት ቦዩ የተሰበረበትን ስፍራ የሚያውቅ እርሱ ይሆናል።

አምስተኛ፥ በደኅና ውረድ። ነቢዩ ሳሙኤል ባረጀ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፥ የማንን በሬ ወይም አህያ እንደ ወሰደ፥ ማንን እንደ ገፋ፥ ከማን እጅ ጉቦ እንደ ተቀበለ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ፤ አንድ ስንኳ የሚመሰክርበት አልተገኘም (1 ሳሙ. 12)። ከሹመት የምትወርድበትን ቀን በሹመትህ በመጀመሪያው ቀን አስብ፤ የሳሙኤልንም ጥያቄ በየማታው ራስህን ጠይቅ።

ምናልባት፥ «ይህ ሁሉ ከባድ ነው፤ እንግዲያስ ባልመረጥ ይሻለኛል» ትል ይሆናል። ኢዮአታም በተናገረው ምሳሌ (መሳ. 9) ወይራውና በለሱ ወይኑም ንግሥናን እንቢ ባሉ ጊዜ፥ ዛፎቹ ወደ እሾህ ቍጥቋጦ ሄዱ፤ እሾሁም በጥላው ሥር እንዲጠለሉ ጠራቸው፥ ያለዚያ ግን እሳት ከእርሱ እንዲወጣ ተናገረ። መልካም ሰዎች ሁሉ በቤታቸው ቢቀመጡ ቁልፉ መሬት ወድቆ አይቀርም፤ እሾሁ ያነሣዋል። ስለዚህ ወንድሞችህ ቢጠሩህ፥ ፈርተህ ሂድ እንጂ ፈርተህ አትቅር።

እግዚአብሔር በጥቂት ነገር የታመንን ያድርገን። በራስጌ ላለን እጃችንን ይያዝልን፤ በግርጌ ያሉትንም ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እናይ ዘንድ ዐይናችንን ይክፈትልን። አሜን።